የጅቡ ሽምግልና

ጋሽ መርሻ ማረፋቸውን የነገረኝ ሬይ የሚባል ፈረንጅ ነው። ከሥራ ወጥቼ አትላንታ አጠገብ ወዳለችው ሎረንስቪል ስመለስ፣ እንደ ወትሮው አውራ ጎዳናው ላይ መኪናው ሁሉ ተቆላልፎ ቆሞ ሳለ ስልኬ ጮኸ። "ሰውያችን ዛሬ አረፈ" አለኝ። "ሌሊቱን ዳያን አብራው አድራ ነበር። ጠዋት እኔ ተካኋት። እንቅልፍ የወሰደው መስሎኝ ነበር።"   ከኋላዬ ያለው መኪና ጥሩንባውን ነፋብኝ፤ ለካስ ከፊቴ ያለው ሁለት ክንድ ያህል ተራምዶ ኖሯል።

እኛ ዘንድ መርዶ እንዲህ አይነገርም። ዘመድ ወዳጅ ተሰብስቦ፣ በማለዳ በር ተንኳኩቶ፣ ሰውየው በሰው ተከቦ ነው የሚረዳው። እኔ ግን ብቻዬን፣ መሪ ጨብጬ፣ ማልቀስም መውረድም በማይቻልበት ቦታ ሰማሁት። ሬይን አልተቀየምኩትም። ጋሽ መርሻ ብዙ ነገር አስተምረውታል፤ ይቺን ሳያስተምሩት ቀርተው ነው።

ሬይና ዳያን በአንድ የሆስፒታል አልጋ ዙሪያ ተፈራርቀው ማስታመማቸው ለሰሚ ምንም አይደለም። እኔ ግን እነዚህ ሰዎች በአንድ ፓርኪንግ ውስጥ መኪና ማቆም የማይፈልጉበትን ዘመን አውቃለሁ። ያስታረቋቸው ጋሽ መርሻ ናቸው፤ ያውም ጅብ ሆነው በሚሠሩበት ጊዜ። ነገሩን ሰው ደጋግሞ ስለሚጠይቀኝና መተረኩ ስለሚያደክመኝ፣ አንዴ ጽፌው ልገላገል።

ጋሽ መርሻን ያወቅኋቸው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ፣ እዚያው አቅራቢያ ፒችትሪ ኮርነርስ ውስጥ የኮምፒውተር ዕቃ የምንገጣጥምበት ፋብሪካ ነው። በሱዳን በኩል የመጡ፣ ሃምሳን የተሻገሩ፣ በር ሲገቡ ጎንበስ የሚሉ ሰው ነበሩ። ፊታቸው ላላወቃቸው ያስፈራል፤ ደስ ሲላቸው ራሱ የተቆጡ ይመስላሉ። ድምፃቸው ከሆድ ነው የሚወጣው። እኔ ያን ጊዜ ሠላሳ አልሞላኝም። እንግሊዝኛዬ ከሳቸው ስለሚሻል አስተረጉምላቸዋለሁ፤ እሳቸው በተራቸው ከባዱን ሳጥን ያነሱልኛል። እኔ ሥራ አልወድም፤ ዛሬም አልወድም። እሳቸው ግን ሁለት ሥራ ውለው ሦስተኛ የሚያስሱ ዓይነት ሰው ነበሩ።

አንድ ቀን አጠገባችን የምትሠራ አሜሪካዊት ጋሽ መርሻን ትክ ብላ አየቻቸውና "በጥቅምት ዓርብና ቅዳሜ ማታ ምን ትሠራለህ?" አለቻቸው። ሰው የሚያስፈራ ሰው የሚፈልግ ቤት ታውቃለች።

ፈረንጆች በጥቅምት መጨረሻ ሃሎዊን የሚሉት በዓል አላቸው። ያን ወር ሙሉ ሰው ከፍሎ ጨለማ ቤት ውስጥ ይገባል፣ በጭራቅ ሲባረር ቆይቶ በሌላ በር እየጮኸ ይወጣል። የኛ ሰው "የጭራቅ ቤት" ይለዋል። ከፍሎ መፍራት ለእኔ እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ እኛ በነፃ ስንፈራ የኖርን ሰዎች ነን። ቢሆንም አስተርጓሚ ሆኜ አብሬያቸው ሄድኩ፣ እዚያው መኪና የማሰለፍ ሥራ ተሰጠኝ። ቆሞ እጅ ማወዛወዝ ነው፤ ተስማማኝ።

ቤቱ ሎረንስቪል ዳር፣ ተከራይ የሸሸው የገበያ ማዕከል ውስጥ የነበረ የድሮ የቤት ዕቃ መሸጫ ነው። ባለቤቷ ዳያን ቀጭን፣ ቁጡ፣ ባሏ ቶም የሞተባት ሴት ናት። ጋሽ መርሻን ከእግር እስከ ራስ ለካቻቸውና ቀንድ ያለው ጭምብል አመጣችላቸው። አገላብጠው አዩት፣ መልሰው ሰጧት።

"ንገራት" አሉኝ። "ክርስቲያን ነኝ። ሰይጣን አልሆንም በላት።"

ነገርኳት። እሺ፣ ከመቃብር የተነሣ ሬሳ ይሁን አለች።

"በሙት አይቀለድም።"

ዳያን መሰላቸት ጀመረች። ተኩላስ?

"ተኩላ አላውቅም" አሉ ጋሽ መርሻ። "ጅብ ግን አውቃለሁ።" ከዚያ ማንም ሳይጠይቃቸው ጎንበስ አሉ፣ እያነከሱ ክፍሉን ዞሩት፣ መሃል ላይ ሲደርሱም አንገታቸውን ወደ መሬት ደፍተው ጮኹ። ክፍሉ ውስጥ ልብስ የሚሰፋውም ቀለም የሚቀባውም እጁን አቆመ። እኔ ራሴ እግሬን ወንበሬ ላይ ሰበሰብኩ። ዳያን በማግስቱ ከአሮጌ ልብስ መሸጫ የፀጉር ካፖርቶች ገዝታ የጅብ ቆዳ ሰፋችላቸው።

ጎበዝ ጭራቅ ነበሩ ለማለት ግን ይከብደኛል። ማስፈራቱን ይችሉበታል። ችግሩ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ሰው ከጅቡ ሲሸሽ በጨለማው ውስጥ ይደናቀፋል፤ ሲደናቀፍ ደግሞ ጋሽ መርሻ በዚያ ድምፃቸው "እኔን! እኔን!" እያሉ ሊያነሱት ይሮጣሉ። ጅቡ እጁን ዘርግቶ ሲመጣበት የወደቀው ሰው የባሰ ይጮሃል፣ ተነሥቶ እንደገና ይወድቃል፣ እሳቸውም እንደገና "እኔን!" ይላሉ። ዳያን ጠርታ ምን እያለ ነው ስትለኝ "አንቺን ያገኘሽ ነገር እኔን ያግኘኝ ማለት ነው" አልኳት። ትንሽ አሰበችና ይቀጥል አለች። ሁለተኛው ጥፋታቸው መሸኘት ነው። በጣም የፈራ ሰው ካዩ፣ ቆዳቸውን እንደለበሱ፣ በኋላ በር አውጥተው መኪናው ድረስ ይሸኙታል። እኔ መኪና ሳሰልፍ አንዲትን አሮጊት ክንዷን ደግፎ የሚመጣ ጅብ አይቼ የማደርገው ጠፍቶኝ ያውቃል።

"ጋሼ፣ ቦታዎ ላይ ይሁኑ እንጂ" እላቸዋለሁ።

"እንግዳ ነች እኮ። ደንግጣ ብቻዋን ትሂድ?"

የዳያን ሠራተኞች ወደዷቸው። ዓመቱን ሙሉ ማንም ልብ የማይላቸው ሰዎች ናቸው፤ ቧንቧ ጠጋኝ፣ ገንዘብ ተቀባይ፣ ጡረታ የወጣ ወታደር። ጥርስ ሐኪም ቤት ስልክ የምታነሳ አንዲት ልጅ ነበረች፤ ስትናገር ትንተባተባለች፣ ጠንቋይ ስትሆን ግን ቃል አይሰናከልባትም። ለእነዚህ ሰዎች ጥቅምት የዘመድ ወር ነው። ጋሽ መርሻ የጽጌን ጾም ስለሚጾሙ ፒዛው ሲመጣ ኦቾሎኒያቸውን ይዘው ጥግ ይቀመጡ ነበር። ማንም ምንም ሳይል ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ አንዱ ፒዛ አይብ የሌለው ሆነ። ራሱን ጣውላ የመታው ሰው ሲኖርም ሁሉም ባንድ ላይ "ኢነን" ማለት ጀመሩ፣ አፋቸው እንደቻለው።

የኛ ሰው ግን አልወደደውም። አትላንታ ውስጥ በብራያርክሊፍ መንገድ ላይ ሱቅ ያላቸው አቶ ጥላሁን የጋሽ መርሻ የረጅም ጊዜ ወዳጅ ናቸው፤ በርበሬና ሽሮ እየመዘኑ በነገር ይወጉናል። "መርሻ፣ መስቀል በሳምክበት አፍ እንደ ጅብ ትጮሃለህ አሉ። እዚያ የሰይጣን ቤት እግሬ አይረግጥም።" ጋሽ መርሻ አይከራከሩም። "ሰይጣን አይደለሁም፤ ጅብ ነኝ" ይላሉ፣ ሽሯቸውን ይዘው ይወጣሉ።

አሁን ወደ ጠቡ ልግባ። ሬይና የዳያን ባል ቶም የልጅነት ጓደኛሞች ነበሩ፤ የመጀመሪያውን የጭራቅ ቤትም አብረው ነው የሠሩት። በኋላ ሬይ ተገንጥሎ ከአውራ ጎዳናው ማዶ ትልቅ መጋዘን የሚያህል የራሱን ቤት ከፈተ፣ ግማሹን ሠራተኛ ይዞ ሄደ። ቶም ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ልቡ ቆሞ ሞተ። እኛ ስንቀጠር የሁለቱ ቤቶች ጦርነት ደርቷል። አንዱ የተከለውን ማስታወቂያ ሌላው ይነቅላል፣ ለሬይ የሠራ ሰው የዳያንን ደጅ አይረግጥም። የዳያን ሰዎች ይህን ሁሉ ለጋሽ መርሻ ሲዘረዝሩላቸው እሳቸው አንዷን ብቻ ነው የያዙት።

"ቆይ" አሉኝ። "ሬይ ቀብር አልመጣም ነው የሚሉት?"

"አልመጣም ነው የሚሉት።"

"ለቅሶም አልደረሳትም?"

"አልደረሳትም።"

"ታዲያ ሌላውን ምን ያወራሉ" አሉ። ለሳቸው ጠቡ ያ ብቻ ነበር፤ ማስታወቂያውም ሠራተኛውም ከዚያ የመጣ ጣጣ ነው።

አንድ ዓመት፣ ልንከፍት ጥቂት ቀን ሲቀረን፣ ከባሕር የተነሣ አውሎ ነፋስ ጆርጂያ ላይ ደርሶ ለቀናት ሳያባራ ዘነበ። የዳያን ቤት ጣሪያ ወረደ። ስንሄድ ውሃው ቁርጭምጭሚት ድረስ ነበር። ከኮምፔንሳቶ የተሠሩት ግድግዳዎች አብጠው ተሰነጣጥቀዋል፣ የጅቡ ቆዳ እርጥብ ውሻ ውሻ ይሸታል። የሕንፃው ኢንሹራንስ ጣሪያውን እንጂ ውስጡን አይሸፍንም። የጭራቅ ቤት እንደ ገበሬ ነው፤ አሥራ አንዱ ወር የሚኖረው በዚያ በአንዱ ወር ነው። ዳያን መጥረጊያዋን ተደግፋ ቆማ፣ "ዘንድሮ ካልከፈትኩ ቤቱን እለቃለሁ" አለችን። "ቤቱስ ይቅር። እነዚህ ልጆች ግን ከተበተኑ አልሰበስባቸውም።" ጠንቋይ የምትሆነው ልጅ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

መፍትሔው የት እንዳለ ሁሉም ያውቃል። ሬይ ትርፍ ግድግዳ የሞላበት መጋዘን አለው፣ መዶሻ የሚያውቁ ብዙ ሰዎችም አሉት። ስሙን ግን ማንም አይጠራውም። ጋሽ መርሻ ከዚያ ወጥተን መኪና ውስጥ ስንገባ፣ "እሁድ ሱፍህን ልበስ" አሉኝ።

"ለምን?"

"ሽምግልና እንሄዳለን።"

ፈረንጅ ዘንድ ሽምግልና ሲኬድ ሰምቼ እንደማላውቅ ነገርኳቸው። አልሰሙኝም። እሳቸው ያሳሰባቸው ሦስተኛ ሰው ማግኘቱ ነው። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አቶ ጥላሁንን ቤተክርስቲያኑ ደጅ ላይ ያዟቸው።

"መርሻ፣ ጤና የለህም" አሉ አቶ ጥላሁን። "ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ አሉ። ይኼ ቢዝነሳቸው ነው። ሎየር ይቀጥሩ።"

"ባሏ ሞቶ ለቅሶ ያልደረሳት ሰው ነው" አሉ ጋሽ መርሻ። "ሎየር ለቅሶ ይደርስላታል?"

አቶ ጥላሁን ወዲያ ወዲህ አሉ። ሱቁ አለ፣ ልጆቹን መውሰድ አለ። ለእርቅ ተጠርቶ አልሄድም ማለት ግን አልሆነላቸውም። እየተነጫነጩ መኪናው ውስጥ ገቡ።

ሬይ ቢሮው ውስጥ የራስ ቅል ቀለም ሲቀባ አገኘነው። ወፍራም፣ ቀይ ጢም ያለው ሰው ነው። ሦስታችንም ሱፍ ለብሰን፣ ነጠላችንን አጣፍተን ደጃፉ ላይ ስንቆም በደንብ አየን። "አለባበሳችሁ ጥሩ ነው" አለ። "ግን ኦዲሽን ማክሰኞ ነው።"

ለሥራ እንዳልመጣን ነገርኩት። ወንበር አሳየን። ጋሽ መርሻ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። ኮካ ኮላ አወጣ። እሱንም እምቢ አሉ። እኚያ ትልቅ ሰው፣ ያንን ፊት ይዘው፣ ከሁለት ሰው መሃል ቆመው፣ ሲቀርብላቸው አልቀመጥም አልጠጣም ሲሉ የሬይ ፊት ተለዋወጠ። ብሩሹን አስቀምጦ እጁን ወደ ስልኩ ወሰደ። "ማነው የላካችሁ?" አለ። ያኔ ነው የገባኝ። ልንደበድበው የመጣን መስሎታል።

"እንደሱ አይደለም" አልኩት ቶሎ ብዬ። "ባህላችን ነው። የመጣንበትን ጉዳይ እሺ እስክትለን አንቀመጥም።"

"ምኑን ነው እሺ የምለው?"

ጋሽ መርሻን አየኋቸው። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ከዳያን ጋር እንድትታረቅ ልንለምንህ መጥተናል። እሷ አታውቅም" አሉ። ተረጎምኩለት።

ሬይ ሳቀ፤ የደስታ ሳቅ አልነበረም። ሥራ አለብኝ፣ መውጫው ከኋላችሁ ነው ብሎን ወደ ቀለሙ ተመለሰ። እኛ ቆመን ቀረን። አንዱን የራስ ቅል ጨርሶ ሌላ አነሳ። ሠራተኞቹ እየመጡ በበሩ ያጮልቃሉ፤ እየተሳሳቁ ይሄዳሉ፣ ሌላ ሰው ጠርተው ይመጣሉ። ሬይ ምሳውን ሊበላ ወጣ። ሲመለስ እዚያው ነን። የጋሽ መርሻ ቀኝ ጉልበት ከሱዳን መንገድ ጀምሮ ደህና አይደለም፤ ሱሪያቸው ስር ሲንቀጠቀጥ ይታየኛል።

"መርሻ፣ እዚሁ ልንሞት ነው እንዴ?" አሉ አቶ ጥላሁን ቀስ ብለው።

"ቁም" አሉ ጋሽ መርሻ።

እኔ ጀርባዬን እያመመኝ ነበር፤ ጋሽ መርሻንም፣ ዳያንንም፣ ሃሎዊንንም በልቤ እረግማለሁ። ሬይ መጨረሻ ላይ ብሩሹን ወረወረው። "አንተ የሷ ጅብ አይደለህም? ምን አገባህ?"

ጋሽ መርሻ ይህን ራሳቸው ሰምተውታል። በሰባራ እንግሊዝኛቸው፣ እኔን ሳይጠብቁ፣ "ቶም ሞተ። ለምን ቀረህ?" አሉት።

ሬይ ተቀመጠ። እጁ ላይ ያለውን ቀለም በጨርቅ ይጠርግ ጀመር፤ ጠርጎ ከጨረሰ በኋላም ይጠርጋል። "አልቀረሁም" አለ። "ሄጄ ነበር። ፓርኪንግ ውስጥ መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ ነበር። ሰው ሁሉ ሲገባ አየሁ፣ ሰው ሁሉ ሲወጣ አየሁ። እንደተጣላን ስለሞተ፣ በምን ፊቴ እንደምገባ አላወቅኩም።" ጢሙን በእጁ ሸፈነ።

ስተረጉም አቶ ጥላሁን "እኔን" አሉ ሳያስቡት።

"ታዲያ ለቅሶው እዳህ ነው" አሉ ጋሽ መርሻ። "ሂድና ድረሳት።"

"ዓመታት አልፈዋል እኮ።"

"ለቅሶ በመዘግየት አይቀርም። እኛ ዘንድ ያልሰማ ሲሰማ፣ የራቀ ሲመለስ ይደርሳል።"

"ምን እላታለሁ?"

"ምንም አትበላት። ግባና ተቀመጥ። በቃ፣ ለቅሶ መድረስ እሱ ነው።"

ሬይ ይህን ሁለት ጊዜ አስተረጎመኝ። ሰው ዘንድ ሄዶ ዝም ብሎ መቀመጥ ብቻ እንደሚበቃ ሊያምነኝ አልቻለም። በመጨረሻ "እሺ" አለ። እኔ ወንበሩን ስስብ ጋሽ መርሻ ክንዴን ያዙኝ። "እሱ እዚያ ሲቀመጥ ነው የምንቀመጠው" አሉኝ።

እኔ ልብ ማንጠልጠል አልወድምና ቤቱ በጊዜው መከፈቱን አስቀድሜ ልናገር። የሬይ መኪናዎች ግድግዳ ጭነው መጡ። የሁለቱም ቤት ጭራቆች ባንድ ላይ ምስማር መቱ፤ ድሮ ማስታወቂያ ሲነቅል የነበረው ሰው አሁን መሰላል ይይዝ ነበር። የጅቡ ዋሻ የነበረበት ጥግ ከጥገና በላይ ስለነበር ጋሽ መርሻ ያን ዓመት ከእኔ ጋር ፓርኪንግ ወጥተው መኪና አሰለፉ፤ ጅቡ የት ሄደ እያለ የሚጠይቃቸው ሰው ነበር። ከዚያ ወዲያ በአትላንታ ዙሪያ ያሉ የጭራቅ ቤት ባለቤቶች በየዓመቱ ከመክፈታቸው በፊት ዳያን ዘንድ ይሰበሰቡ ጀመር። የአንዱ ጄኔሬተር ቢሞት የሌላው ይመጣል፣ የአንዱ ሰው ቢታመም ከሌላው ቤት ይተካል። በስብሰባው መሃል ሁለት ሰው ከተኳረፈ፣ ሦስተኛው ከወንበሩ ይነሣና "እኔ አልቀመጥም" ይላል። ፈረንጅ ሲቀልድበት የጀመረው ነገር እየዋለ እያደረ ደንብ ሆነ። ጋሽ መርሻ በዚህ ብዙም አይደነቁም ነበር። "ሰው ናቸው እኮ" ይሉ ነበር።

ይህ ሁሉ ደግ ነው። እኔ ግን ጋሽ መርሻን ሳስብ የምትመጣብኝ ያቺ የእሁድ ከሰዓት ናት።

ሬይን ይዘን ስንደርስ ዳያን ውሃ የጠጣውን ጥቁር ምንጣፍ ጠቅልላ ብቻዋን ለመጎተት ትታገል ነበር። አቶ ጥላሁን አማትበው ከኋላችን ገቡ። ዳያን ሬይን ስታይ ቀና አለች፣ ምንጣፉን ግን አልለቀቀችም።

"ምን ፈልገህ ነው?" አለችው።

ሬይ ዞሮ ጋሽ መርሻን አያቸው። በአገጫቸው ወደ ፊት አመለከቱት። መቀመጫ ፈለገ። ወንበሮቹ ሁሉ አብጠው ተበላሽተዋል። ደረቅ ሆኖ የተገኘው ከፍ ካለ ቦታ የነበረ አንድ የእንጨት ሬሳ ሣጥን ነው፤ ለማስፈራሪያ ቶም በእጁ የሠራው። ሬይ እሱ ላይ ተቀመጠ። ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገ። እንደተነገረው ምንም አልተናገረም።

ዳያን ብዙ አየችው። "ዘግይተሃል" አለች።

ዝም ብሎ መቀመጡን አልቻለበትም። "መጥቼ ነበር" አለ። "የቀብሩ ቀን። ፓርኪንግ ውስጥ..."

"አውቃለሁ" አለች ዳያን። "መኪናህን አይቼዋለሁ።"

ሬይ ቀና አለ።

"አጠገቤ ያለውን ወንበር ለአንተ ይዤ ነበር" አለች። "የቶም እናት ልትቀመጥበት ስትል ሰው አለው አልኳት። እስከ መጨረሻው ሰው አለው እያልኩ ባዶውን ቀረ።"

ምንጣፉ ከእጇ ወደቀ። ሄዳ ሣጥኑ ላይ ከጎኑ ተቀመጠችና አለቀሰች። በዚያ ቤት ውስጥ ብዙ ጩኸት ሰምቻለሁ፣ ጩኸት የሚሸጥበት ቤት ነው። እንዲህ ያለ ግን ሰምቼ አላውቅም። አንድ ነገር የሆነች መስሎኝ ወደሷ ስራመድ ጋሽ መርሻ እጅጌዬን ያዙ።

"ተው" አሉኝ። "ለቅሶ ነው።"

ሦስታችንም ወጣን። አቶ ጥላሁን እንግሊዝኛው ፈጥኖባቸው ስለነበር ምን እንዳለችው ጠየቁኝ። የወንበሩን ነገር ነገርኳቸው። ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱት።  የመኪናውን ወንበር ካልቆጠርነው ከቅዳሴ ጀምሮ ቆመው የዋሉት ጋሽ መርሻ፣ የታመመ ጉልበታቸውን በእጃቸው ደግፈው ቀስ ብለው የፓርኪንጉ ጠርዝ ላይ ቁጭ አሉ፤ እኛንም "ተቀመጡ" አሉን።